የሰላይ ትምህርት በቴሌቪዥን መስኮት፤ የእኛስ የውስጥ አርበኞች?



በዶሃና በአካባቢዋ የምንማር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ፣ ከትምህርትና ከአገር ቤት ወሬ ቀጥሎ የምናነሣው በስልክና በኮምፒዩተር ስለምናየው ፊልም ነው። ከተከራከርንባቸው አንዱ፣ ተራ ሰዎችን ሰብስቦ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የስለላ ሥልጠና እንዲቀምሱ የሚያደርገው የእንግሊዝ ትርኢት ነበር። ከፊሎቻችን ‹‹ታሪክን በጨዋታ አዋዝቶ ማስተማር ምን ክፋት አለው?›› አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ ‹‹ሰው የሞተበት ነገር ሸቀጥ ሆነ›› ብለን ተቃወምን። ክርክሩ ውሎ አድሮ ወደ ሌላ ጥያቄ መራን። ይኸውም፣ የዚያ ሥልጠና ታሪክ ከአገራችን ጋር ምን ግንኙነት አለው? የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ትርኢቱን፣ ከጀርባው ያለውን እውነተኛ ታሪክና ከእኛ የሚፈለገውን በቅደም ተከተል ለማስረዳት ይሞክራል።

ሀ. ትርኢቱ ምንድን ነው?

ሪያሊቲ ሾው የሚባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ፈተና እየሰጠና እያጣራ፣ የሚያደርጉትንና የሚናገሩትን በካሜራ የሚከታተል ነው። በዚህ በዶሃም የታወቀ ነው። የቃጠር ፋውንዴሽን በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመረው ‹‹ስታርስ ኦፍ ሳይንስ›› ከዐረብ አገሮች የመጡ ወጣት ፈልሳፊዎችን እያወዳደረና እያሰናበተ አሸናፊ ይመርጣል። ስለዚህ አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ያሳየው ባለ አምስት ክፍል ዝግጅት ይህንኑ አሠራር ወደ ጦርነቱ ዘመን ወሰደው። ኋላም ኔትፍሊክስ ‹‹የቸርችል የምስጢር ወኪሎች፤ አዲሶቹ ምልምሎች›› በሚል ስያሜ አሠራጨው። 14 ሰዎች ተመለመሉ። ዕድሜያቸውም መተዳደሪያቸውም የተለያየ ነው። የዘመኑን ልብስ ለብሰው፣ ኤስ.ኦ.ኢ. የተባለው የእንግሊዝ የምስጢር ጦር ድርጅት ለምልምሎቹ ይሰጥ የነበረውን ፈተናና ልምምድ እንዲያልፉ ተደረገ። መምህራኑ ውጤት እየተመለከቱ ያልበቃውን ያሰናብታሉ።

ለ. እውነተኛው ትምህርት ቤት

ኤስ.ኦ.ኢ. የተቋቋመው በሐምሌ 1932 ዓ.ም. (ጁላይ 1940 እ.ኤ.አ.) ነው። ፈረንሳይ ወድቃ፣ እንግሊዝ ብቻዋን በቀረችበት ወር መሆኑ ነው። ዓላማው በጠላት በተያዘ አገር ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ድልድይና ባቡር ሐዲድ መስበር፣ ወሬ ማቀበልና የየአገሩን ሕዝብ ለትግል ማደራጀት ነበር። ድርጅቱ አዲስ ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም። ቀድሞ ከነበሩ ሦስት የምስጢር ክፍሎች ተገጣጥሞ የተሠራ ሲሆን፣ ከሦስቱ አንዱ በጦር ሚኒስቴር ሥር የነበረው ኤም.አይ.(አር) የተባለው ነው። አንባቢ ይህን ስም እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ታች ስንሄድ ወደ ጎጃም ያደርሰናል።

ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ነበር። መጀመሪያ የመለያ ፈተና ይሰጣል። ከ1943 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ይህ ፈተና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚገኙበት የአራት ቀን ምርመራ ሆነ። ያለፈው ወደ ስኮትላንድ ተራሮች፣ ወደ አሪሴግ ይሄዳል። እዚያ በሌሊት መጓዝን፣ ፈንጂ ማጥመድንና ያለ መሣሪያ መታገልን ይማራል። ትግሉን ያስተምሩ ከነበሩት ሁለቱ ፌርቤርንና ሳይክስ የተባሉ፣ በሻንጋይ ፖሊስ ያገለገሉ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በማንቸስተር አጠገብ በሪንግዌይ በፓራሹት መዝለል ይከተላል። በመጨረሻም በደቡብ እንግሊዝ፣ ቢውሊ በተባለው ቦታ፣ በሐሰት ስምና ታሪክ መኖርን፣ የሚከታተልን ሰው መለየትንና ምስጢራዊ ጽሕፈትን ያጠናሉ። የጠላትን መኮንን ልብስ የለበሱ መምህራን ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሰው ይመረምሯቸው ነበር።

ዋጋውስ? ወደ ፈረንሳይ የሚልከው አንዱ ክፍል ብቻ ከ400 በላይ ወኪሎችን አሰማርቷል። ቫላንሴ በተባለው የፈረንሳይ ከተማ በቆመው መታሰቢያ ላይ ሳይመለሱ የቀሩ 104 ሰዎች ስም ተቀርጿል። ከነሱም 13ቱ ሴቶች ናቸው። ራዲዮ የያዘ ወኪል በ1943 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሳይያዝ የሚቆይበት ጊዜ ስድስት ሳምንት ገደማ ተብሎ ይገመት ነበር።

በትርኢቱና በእውነቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ከዚህ ላይ ይታያል። በትርኢቱ የወደቀ ሰው ሻንጣውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ሁለተኛም ልዩነት አለ። የሰላይ የመጀመሪያ ሕግ አለመታየት ነው፤ የቴሌቪዥን የመጀመሪያ ሕግ ደግሞ መታየት ነው። ካሜራ ተደግኖበት የሚዋሽ ሰውና ገዳዩ ፊት ቆሞ የሚዋሽ ሰው አንድ ዓይነት ትምህርት አልተማሩም።

ሐ. ፈተናው ሰውን ይለያልን?

ትርኢቱ ተመልካቹን የሚይዘው ‹‹እኔ ብሆን አልፍ ነበርን?›› በሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ፈተናዎቹ ራሳቸው ምን ያህል የታመኑ ነበሩ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የአሜሪካው የምስጢር ድርጅት ኦ.ኤስ.ኤስ. በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር ተመሳሳይ የመለያ ጣቢያ ነበረው። ከፈተናዎቹ አንዱ እንዲህ ነው። ለምልምሉ ግንዶችና እንጨቶች ይሰጡትና ሁለት ረዳቶችን አዝዞ በ10 ደቂቃ ውስጥ አንድ ቤት መሰል መዋቅር እንዲያቆም ይነገረዋል። ረዳቶቹ ግን የመርማሪዎቹ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ ነገረኛ ሆነው ሥራውን ያበላሹበታል። ሥራውን በሰዓቱ የጨረሰ አንድም ሰው አልነበረም። የሚፈለገውም መጨረሱ ሳይሆን ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ማየት ነው። ይሁንና መርማሪዎቹ ራሳቸው በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በጣቢያው የሰጡት ነጥብና ሰዎቹ በጦር ሜዳ ያሳዩት ሥራ የጠበቀ ግንኙነት እንዳልነበረው በግልጽ አምነዋል።

የኑር ኢናያት ኻን ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። አባቷ ሕንዳዊ የሱፊ መምህር ነበሩ። እርሷም የሕፃናት ተረት የምትጽፍ፣ ገር ሴት ነበረች። ከመምህራኗ አንዳንዶቹ ለዚህ ሥራ አትበቃም ብለው ጽፈውባታል። ሆኖም በሰኔ 1943 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ገባች። ባልደረቦቿ አንድ በአንድ ሲያዙ እርሷ ከራዲዮዋ ጋር ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረች ለወራት ሠራች። ከተያዘች በኋላ ለመርማሪዎቿ ምስጢር አልሰጠችም። የመልእክቶቿ መዝገብ ግን ከቤቷ በመገኘቱ ጉዳት ደርሷል። በመስከረም 1944 እ.ኤ.አ. በዳካው እስር ቤት ተገደለች። መምህራኑ በጥንቃቄዋ ላይ የነበራቸው ሥጋት ከንቱ አልነበረም። በጽናቷ ግን ተሳስተው ነበር። ጽናት በአራት ቀን ፈተና አይለካም።

መ. ታሪኩ ወደ ጎጃም እንዴት ደረሰ?

ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ያወጀችው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ አርበኞች ለአራት ዓመት ያህል ብቻቸውን ሲዋጉ ቆይተዋል። እንግሊዝም እነርሱን የመርዳት ፍላጎት ያደረባት ያኔ ነው። በካይሮ የነበረው የጦር መምሪያ፣ ከላይ ከጠቀስነው ከኤም.አይ.(አር) በወጣ ክፍል አማካይነት፣ ሚሽን 101 የተባለውን አነስተኛ ቡድን አደራጀ። ቁጥሩ የተወሰደው ከአንድ የመድፍ ጥይት ማቀጣጠያ ስም ነው። ትርጓሜውም ግልጽ ነው፤ ባሩዱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፣ የሚያስፈልገው መለኮሻ ብቻ ነው ማለት ነው።

የቡድኑ መሪ ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የኖረ፣ በሙሉ እርሻ የነበረው፣ ዕድሜው 58 የደረሰ ሰው ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባ። ከነሱም አንዱ ራዲዮ የያዘ ምልክተኛ ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወገን አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረው ዘመቱ። በኋላ ዘመን ያሳተሙት ‹‹የታሪክ ማስታወሻ›› ለዚህ ዘመን ጥናት ከሚጠቅሙት መጻሕፍት አንዱ ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። የቡድኑ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ድልድይ መስበር አልነበረም። በጎጃም የነበሩት ታላላቅ የአርበኞች አለቆች፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እርስ በርስ የሚፎካከሩ ነበሩ። ሁለቱ በጠላት ላይ እንዲተባበሩ ማስማማት ከማንኛውም ፈንጂ ይበልጥ ነበር። ይህም ተሳካ። ሽምግልና እንበለው፣ ዲፕሎማሲ እንበለው፣ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚፈትን ዙር በቴሌቪዥኑ ትርኢት ውስጥ አላየንም።

ሚሽን 101 በመንገዱ የመጀመሪያው አልነበረም። በፈረንሳይ አገር፣ በሞንፔሊየ፣ የሕግ ትምህርት የተማሩት አቶ ሎሬንሶ ታእዛዝ ከእንግሊዞቹ ቀድመው በስውር አገር ውስጥ ገብተው የአርበኞቹን ሁኔታ አጥንተው ተመልሰዋል። የውጭ አገር ተማሪ የነበሩ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ መሥራታቸውን እኛ ተማሪዎች ልንዘነጋው አይገባም።

ቀጥሎ የመጣው የሥልጠና ጉዳይ ነው። በኬንያ በስደተኞች ሠፈር፣ በታቬታ፣ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ተወስደው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ተቋቋመ። በካርቱም አጠገብ በሶባ የጦር ማሠልጠኛ ተከፈተ። ከዚያ ከወጡት መኮንኖች መካከል ኋላ ጄኔራል የሆኑት መንግሥቱ ንዋይና አማን ዓንዶም ይገኙበታል። በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር በቁጥር አነስተኛ ነበር፤ አንዱ ክንፉ የሱዳን የድንበር ጦር ሲሆን ሌላው ይኸው ከስደተኞች የተውጣጣው ሻለቃ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በሺሕ የሚቆጠሩ ግመሎች በመንገድ አለቁ።

ሥራው ከጥይት ይልቅ በወሬ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነበር። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር በካርቱም ‹‹ባንዲራችን›› የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ እያዘጋጀ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት አዋጅ ከአውሮፕላን እንዲበተን ያደርግ ነበር። በአንድ ምሽግም ጠላት ትቶት በሄደው ስልክ፣ ጣልያንኛ የሚያውቅ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ‹‹ብዙ ሺሕ ጦር እየመጣ ነው›› ብሎ ተናግሮ ኢጣልያኖቹን አስደንግጧል። በግንቦት 1933 ዓ.ም. በአጅባር ብዙ ሺሕ ጦር ይዞ የነበረው ኮሎኔል ማራቬንታኖ በቁጥር ለሚያንሰው ወገን እጁን ሰጠ።

ሠ. ያለ ትምህርት ቤት የተማሩት

እስካሁን ያነሣነው ሥልጠና የነበራቸውን ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የነበሩት የውስጥ አርበኞች አሪሴግም ቢውሊም አልነበራቸውም። በጠላት ቢሮ በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት፣ በጠላት ቤት በአገልጋይነት እየሠሩ፣ በዱር ላሉት ወሬ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ልብስ ያቀብሉ ነበር። ከነሱም ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስማቸው ከፍ ብሎ ይነሣል። ሀብታቸውን ለትግሉ አዋሉ፤ ተይዘው ተሠቃዩ፤ ወደ ኢጣልያ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከተመለሱም በኋላ ሥራቸውን ቀጥለው፣ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ ለተደረገው ጥቃት ዋና አስተባባሪ ሆኑ።

እነዚህ ሰዎች ‹‹የሐሰት ታሪክ›› አጥኑ አልተባሉም። ሕይወታቸው ራሱ መሸፈኛቸው ነበር። ቡና የምታፈላን ሴት ማን ልብ ይላል? ኤስ.ኦ.ኢ. በብዙ ገንዘብ ያስተማረውን አለመታየት፣ ቅኝ ገዢው ራሱ በንቀቱ በነፃ ሰጣቸው።

በነፃ ግን አልቀረም። አብርሃ ደቦጭ በኢጣልያኖቹ የፖለቲካ ቢሮ ውስጥ ይሠራ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከሞገስ አስገዶም ጋር ሆኖ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት በአዲስ አበባ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ተጨፈጨፈ። በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። በስውር ትግል ዕዳውን የሚከፍለው ሠሪው ብቻ አይደለም፤ ምንም የማያውቀው ጎረቤትም ይከፍላል። የትኛውም ትርኢት ይህን ክፍል ሊያሳየን አይችልም።

ረ. ጆሮ ጠቢና የውስጥ አርበኛ

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ የራሱ ፍርድ አለው። ሰላይ የሚለው ቃል ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ጆሮ ጠቢ ግን የወገኑን ቃል ለገዢ የሚያደርስ ነው፤ ክብር የለውም። ባንዳ ለጠላት ያደረ ነው። የውስጥ አርበኛ ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ በተቃራኒው የሚከበር ነው። ሦስቱም ያዳምጣሉ፣ ሦስቱም ይደብቃሉ፣ ሦስቱም ይዋሻሉ። ልዩነቱ በዘዴው ሳይሆን ለማን እንደሚሠራ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ‹‹ማጋለጥ›› የሚለው ቃል በቀበሌ ስብሰባ ላይ ምን እንዳደረገ ወላጆቻችን ያውቁታል። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ተማሪ ተማሪውን ተጠራጠረ። ከዚያ ዘመን የወረስነው ጥርጣሬ በስደት እንኳ አብሮን አለ። አዲስ የመጣ ሰው ሲገባ ወሬ የሚቀየርባቸው የኢትዮጵያውያን ስብሰባዎች እንዳሉ የማያውቅ የለም። የእንግሊዝ ተመልካች የስለላን ትርኢት እንደ አያቶቹ ገድል ብቻ አድርጎ ሊያየው ይችላል። እኛ ግን ገድሉንም ቁስሉንም ይዘን ነው የምናየው። ስለዚህም ክርክራችን የጋለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሰ. ታዲያ ምን እናድርግ?

ከላይ ከተገለጸው ሦስት ነገር እንረዳለን።

አንደኛ፣ ትርኢቱን ማየት ነውር አይደለም፤ ትርኢቱን ታሪክ ነው ብሎ መቀበል ግን ስሕተት ነው። ቀረጻ ማለት ምርጫ ማለት ነው። ከብዙ ሰዓት ሥራ የሚቀረው የተቆረጠው ጥቂት ነው። ላብ፣ እንባና ጠብ ይቀራል፤ መጠበቅ፣ መሰልቸትና ማስታረቅ ይጣላል። እውነተኛው ሥራ ግን አብዛኛው መጠበቅና ማስታረቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ እንግሊዞች ይህን ትርኢት ሊሠሩ የቻሉት መዝገብ ስላላቸው ነው። የኤስ.ኦ.ኢ. ሰነዶች በለንደን፣ በኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተከፍተው ይነበባሉ። እዚሁ በዶሃ፣ በትምህርት ከተማ ያለው የቃጠር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከብሪቲሽ ላይብረሪ ጋር ተባብሮ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የተጻፉ አሮጌ የእንግሊዝ መዝገቦችን ማንም ሰው በነፃ እንዲያነባቸው በኢንተርኔት አውጥቷል። ቃጠር ስለ ራሷ የተጻፈውን ከባዕድ መዝገብ ቤት አስመጥታ ለሕዝቧ ከሰጠች፣ ስለ ሚሽን 101ና ስለ አርበኞቻችን የተጻፈውን እንዲሁ ለማድረግ የሚከለክለን ተፈጥሮ የለም። የጎደለው ፈቃድና ትጋት ነው። ታሪክ፣ ጋዜጠኝነት ወይም የኮምፒዩተር ሳይንስ የምንማር ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፋችንን አርእስት ከዚህ ልንመርጥ እንችላለን።

ሦስተኛ፣ የውስጥ አርበኞች ሥራ አብዛኛው በወረቀት አልሰፈረም። በወረቀት ቢሰፍር ኖሮ አንገታቸው ይቆረጥ ነበርና። የቀረው በቃል ነው። ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩት አልፈዋል ወይም በጣም አርጅተዋል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን በየቤታችን አሉ። ለቤተሰብ ስንደውል ‹‹ደኅና ናችሁ?›› ብለን ከምንዘጋ፣ ‹‹እማማ፣ አያትዎ በጠላት ዘመን የት ነበሩ? ምን ይሠሩ ነበር?›› ብለን እንጠይቅ። መልሱን በድምፅ እንቅረጽ፤ የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን እንመዝግብ። የሰማነውን ከተጻፈው ጋር እናስተያይ፤ የተጋነነውን እንለይ። መልሱ ‹‹አያታችን ባንዳ ነበሩ›› የሚል ቢሆን እንኳ ይቀረጽ። እውነት የሚያስጎመዥ ብቻ አይደለም።

አንድ ቀን በአማርኛ የተሠራ ዝግጅት፣ የአዲስ አበባን የውስጥ አርበኞች ሥራ ለወጣቱ የሚያሳይ ይመጣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ያን ጊዜ ደራሲው ‹‹ምን ነበር የሚሉት? መልእክቱን በምን ይደብቁት ነበር? ሲያዙስ ማን ደረሰላቸው?›› ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የሚገኘው ዛሬ እኛ የጠየቅን እንደሆነ ነው።